የቲቸር ያረጋል ጣት

ቲቸር ያረጋል ስሞች የጠፉበት ዕለት ክፍሉ ውስጥ ስልሳ ሁለት ተማሪዎች ነበሩ፤ አንዳቸውም ግን አላወቁም። እንዲያውም ያን ቀን ትምህርቱ ከወትሮው ደምቆ ነበር። ልጆቹ ልብ የላቸውም ልል አይደለም። ማንም በእነሱ ቦታ ቢሆን ያንኑ ነበር የሚያደርገው። ጥፋቱ፣ ጥፋት ከተባለ፣ የራሱ የያረጋል ነው። ሠላሳ ሦስት ዓመት ሙሉ እንደዚያ ያስለመዳቸው እሱ ነዋ!

ያረጋል ቡታጅራ ውስጥ የአማርኛ መምህር ነው። ግጥሙንም ድርሰቱንም ያስተምራል፤ ሰዋስው ሲሆን ግን ዓይኑ ይበራል፣ ድምፁም ከፍ ይላል። ለዚያም የራሱ የሆነ መላ አለው። ዓረፍተ ነገሩን ይጀምርና ስም የሚገባበት ቦታ ላይ ሲደርስ ዝም ብሎ ሌባ ጣቱን ወደ ላይ ይቀስራል። ያን ጊዜ ክፍሉ በአንድ አፍ የጎደለውን ስም ይሞላል፤ እሱ ደግሞ በግሱ ያስረዋል። «ትናንት ከእንሴኖ» ይልና ጣቱን ያነሣል። «በርበሬ!» ይላሉ ልጆቹ። «ገዛሁ» ይላል እሱ፤ ጣቱም ትወርዳለች። ሰሌዳ አያስፈልገው፣ መጽሐፍ አያስፈልገው፤ ክፍለ ጊዜው በዚሁ ያልቃል። ቡታጅራ ውስጥ በሱ እጅ ያለፈ ሰው ሁሉ ያቺን ጣት ያውቃታል።

ታዲያ ያን ቀን፣ ኅዳር ሊያልቅ ሦስት ቀን ሲቀረው፣ ሰባተኛ «ለ» ክፍል ገብቶ «ጎበዙ» አለና ቆመ። «ገበሬ» ሊል ነበር። ገበሬው ታይቶታል፤ ሞፈሩ፣ ቀንበሩ፣ ሱሪው ጉልበት ላይ ያለው ጭቃ ሳይቀር ታይቶታል። ቃሉ ግን የለም። ጣቱ በልማዷ ተነሣች። «ገበሬ!» አለ ክፍሉ። «አረሰ» አለ ያረጋል፤ ይቺ ሳትቸግረው ወጣች። ቀጠለ፤ የሚቀጥለውም ስም የለም። ጣቱ ተነሣች፣ ሞሉለት። ከዚያ ወዲያ ያለውም የለም። ልጆቹ ምን ቸገራቸው! ቲቸር ዛሬ ስሙን ሁሉ ለኛ ተወልን ብለው፣ ሌላ ጊዜ የሚያንቀላፉት የኋላ ወንበሮች ሳይቀሩ ብድግ ብድግ እያሉ ይመልሱ ጀመር። እንዲህ እያሉ አሥር ደቂቃ ያህል ሄደ።

ከዚያ ውኃ ጠማው። ውኃ አምጡልኝ ሊል ፈልጎ ጣቱን አነሣ። ከፊቱ የተባለ ነገር የለ፣ ምኑን ይሙሉት? አንዱ «ላም!» አለ፤ አንዷ «ደብተር!» አለች፤ አንዱ ተረበኛ «ምሳ!» ብሎ ክፍሉን አሳቀው። ጣቱ አልወርድ አለች። እሱ ልጆቹን ያያል፣ ልጆቹ እየሳቁ ጣቱን ያያሉ። ቀስ ብሎ ከሰሌዳው ሥር መሬት ላይ ተቀመጠ። የአፉ ጥግ ወደ አንድ ወገን መሄዱን ያዩት ያን ጊዜ ነው። የጎረቤት ክፍል የሒሳብ መምህር ግሩም፣ ጫጫታው በዝቶበት ሊቆጣ ሲመጣ፣ እንደዚያ ሆኖ አገኘው። ደግፎ አወጣውና በባጃጅ ሆስፒታል አደረሰው።

እግሩ ተረፈ፣ እጁም ተረፈ፤ አፉ በሳምንቱ ቀጥ አለ። ሐኪሟ ገና ወጣት ናት፤ ጠረጴዛዋ ላይ ያለውን ዕቃ አንድ በአንድ እያነሣች ምን እንደሆነ ጠየቀችው። እስክሪብቶ ስታሳየው «ይጽፋል» አለ። ሰዓቷን ስታሳየው «ይሄዳል» አለ። ቁልፍ ስታሳየው «ይከፍታል» አለና ትንሽ አሰብ አድርጎ «ይቆልፋል» ብሎ ጨመረበት። አጠገቡ የነበረችው ሚስቱ ዓለምዘውድ፣ ታዲያ ሁሉንም ያውቀው የለም ወይ ብላ ተቆጣች። ሐኪሟ በትዕግሥት አስረዳቻት፤ እንዲህ ካለው የአንጎል ሕመም በኋላ ለአንዳንዱ ሰው የነገሮች ስም ይጠፋዋል፣ ለአንዳንዱ ደግሞ ግሱ ይጠፋዋል፤ ቀስ እያለ የሚመለስለት አለ፣ ሳይመለስለት የሚቀርም አለ፤ ስለዚህ አትቸኩሉ አለቻቸው። ያረጋል ይህን ሲሰማ ሳቅ ሳቅ አለው። የጠፋበትን የቃል ክፍል ከሷ የበለጠ ያውቀዋል፤ ስንቱን ሲያስተምር ኖሯል። ምን ይባላል ብትለው ግን መመለስ አይችልም። «ስም» ራሱ ስም ነዋ!

ያረጋል የጎጃም ሰው ነው። በሃያ ሦስት ዓመቱ አንድ ሻንጣና አንድ ብርድ ልብስ ይዞ ቡታጅራ አውቶቡስ ተራ ሲወርድ፣ ሁለት ዓመት አገልግሎ ወደ አገሩ ለመዛወር ነበር ሐሳቡ። ዓለምዘውድን አገኘና ዝውውሩ ቀረ። እሷ የቡኢ ልጅ ናት፤ አፏን የፈታችው በክስታኔ ጉራጊኛ ነው፣ አማርኛውን ትምህርት ቤት ነው የተዋወቀችው። ስትናገር አንዳንዴ ወንዱን ሴት፣ ሴቱን ወንድ ታደርገዋለች። እሱ ደግሞ ማረም ካልቻለ እህል አይወርድለትም። ማዕድ ላይ ያርማታል፣ መንገድ ላይ ያርማታል፣ ለቅሶ ቤት ሳይቀር በጆሮዋ አርሟታል። እሷ ግን አንድም ቀን ተናድዳበት አታውቅም። «ገብቶሃል?» ትለዋለች። ገብቶኛል ይላል። «እንግዲያው ብላ» ትለውና ነገሩ እዚያው ያበቃል። ሠላሳ ዓመት እንዲህ ኖሩ።

እሱ ራሱ የታረመበት አንድ ቀን ግን አለ፤ ከዚያ ቀን በኋላ ሌላ ሰው ሆኗል። ሥራ በጀመረ በመጀመሪያው ዓመት ነው። ስም ሲጠራ ወረቀቱ ላይ «አሚኔ ከማሉ» የሚል አገኘ። እንዲህ ያለ ስም ሰምቶ አያውቅም፤ የጻፈው ሰው ተሳስቷል ብሎ ደመደመ። እስክሪብቶውን አውጥቶ «አሚና ከማል» ብሎ አስተካከለውና በዚያው ይጠራ ጀመር። አቤት የሚል ጠፋ። ቀሪ ብሎ ጻፈባት። ልጅቷ ፊቱ ቁጭ ብላ፣ ደብተሯን ዘርግታ፣ ሦስት ሳምንት ሙሉ ቀሪ ሆነች! በአራተኛው ሳምንት አባቷ ከእንሴኖ መጡ፤ የበርበሬ ነጋዴ ናቸው። አልተቆጡም። ሰላምታ ሰጡት፣ አገሩን ጠየቁት፣ አየሩ ተስማምቶት እንደሆነ ጠየቁት። በመጨረሻ ላይ «መምህር፣ የላሟንም የበሩንም ስም እርስዎ ያስተምሯት» አሉት። «የሷን ግን እኔ አውጥቼላታለሁ።»

ያረጋል ያን ቀን ያፈረውን ያህል አፍሮ አያውቅም። በነጋታው ስም መጥራት ተወ። ከዚያ ወዲያ በሱ ክፍል ተማሪው በተራው ይነሣል፣ የራሱን፣ የአባቱንና የአያቱን ስም በገዛ አፉ ይናገራል፤ እሱ እንደሰማው ይጽፍና «ተቀመጥ» ይለዋል፣ «ተቀመጪ» ይላታል። ለጣቱም አዲስ ሕግ ወጣላት። ጣቷ ወደ ላይ ስትነሣ የወል ስም ነው፣ ማንም ይሙላ። ወደ ሰው ከዞረች ግን የዚያ ሰው ስም ነው የተፈለገው፤ እሱን የሚናገረው ባለቤቱ ብቻ ነው። ሌላው ቢተነፍስ ከክፍል ይወጣል። ልጁ ማርቲ ሰባተኛ ክፍል እሱ ጋ ስትማር በመጀመሪያው ቀን «ማርቲ» ብላ ልትቀመጥ ብትል፣ ሙሉ ስሟን እስክትናገር ድረስ ጣቱን ቀስሮባት ቆሟል። ቤት ገብታ ለእናቷ አልቅሳለች።

ወደ ሕመሙ ልመለስ። ስም የሌለበት ኑሮ እንዴት ይኖራል ትሉ ይሆናል፤ ይኖራል። የአማርኛ ግስ ስንት ነገር ተሸክሞ እንደሚዞር ያረጋል ሲያስተምር ኖሯል፣ አሁን ግን በላዩ ኖረበት። «አላመጣችልኝም» ሲል ማን እንዳላመጣች፣ ለማን እንዳላመጣች፣ ሁሉም እዚያው ውስጥ አለ። «በላሁ»፣ «ጠማኝ»፣ «ዝጊው»፣ «የት ሄደሽ ነው?» እያለ ቀኑን ይገፋል። ቅጽሎቹም አልከዱትም። መስተዋድዶቹ ግን የሚንጠለጠልባቸው አጥተው፣ ልብስ እንዳልተሰቀለባቸው ምስማሮች ቀርተዋል። «ከ... ሥር» ይልና ዝም ይላል። ያን ጊዜ ዓለምዘውድ አልጋውንም ወንበሩንም ታየዋለች፤ ጫማውን አግኝታ ትሰጠዋለች።

በዚህ ሁሉ ጊዜ አንዲት ቃል ብቻ ብትወጣው ስንት ጣጣ ይቀልለት ነበር፤ «እንትን» የምትባለው። ሰው ሁሉ ስም ሲጠፋበት ወደሷ ነው የሚሮጠው። ያረጋል ግን ከድሮ ጀምሮ ጠላቷ ነው። በሱ ክፍል እንትን ያለ ተማሪ የፈለገውን ስም እስኪያገኝ ድረስ ቆሞ ነው የሚማረው። አሁን በሕመሙ ዓለምዘውድ፣ እባክህ እንትን በልና ገላግለኝ ብላ ብትለምነው፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ኩራት ነው። እሷም ታውቀዋለችና ሁለተኛ አላነሣችበትም።

ይልቅ ሌላ ዘዴ ፈጠረች። ወረቀት ቆራርጣ የቤቱን ዕቃ ሁሉ ስም ጻፈችና ለጠፈችበት፤ «በር»፣ «ድስት»፣ «መስታወት»፣ ምን የቀረ አለ! ጠዋት ስትነሣ ያረጋል ቀይ እስክሪብቶ ይዞ፣ አንደበቱ የማይለውን ቃል ሁሉ ፊደሉን እያረመ ሲዞር አገኘችው። ዓይኑ ያውቃል፣ እጁ ያውቃል፣ አፉ ነው እንቢ ያለው። ዓለምዘውድ ወንበር ላይ ቁጭ ብላ እስክታለቅስ ሳቀች። እሱም ሳቀ። ሕመሙ ከመጣ ጀምሮ የሳቁት የመጀመሪያ ሳቅ ያ ነው። ከዚያ የታረመውን ሁሉ ሰብስባ በትምህርት ቤቱ መንገድ ወዳለ ፎቶ ኮፒ ቤት ወሰደችው። የፎቶ ኮፒ ቤቱ ባለቤት ያቺው አሚኔ ናት፤ ዛሬ የሦስት ልጆች እናት ሆናለች። በትልልቅ ፊደል አትማ፣ በላስቲክ ለብጣ ሰጠቻት። ለቲቸር የሠራሁት ነው ብላ ዋጋውን እንቢ አለች።

ነገሩ በዚህ ቢያልቅ ያረጋል እንደምንም ይለምደው ነበር። የማይለመደው ጥር ሃያ ነው። የማርቲ ሠርግ ለዚያ ቀን የተቆረጠው ገና ሳይታመም ነበር። ማርቲ ጉብሬ፣ ዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ትሠራለች፤ ነብዩ የሚባል የወልቂጤ ልጅ ነው የሚያገባት፣ ኮምፒውተር ይጠግናል። አባቷ ሲታመም ይዘግይ ብላ ነበር። «አይዘገይም» አላት። በዓለምዘውድ ቤተሰብ ደግሞ አንድ የቆየ ልማድ አለ። ሙሽራዋ ጉልበት ስማ ትደፋለች፣ አባት ይመርቃታል፣ ምርቃቱ ሲያልቅ በስሟ ይጠራታል፤ እሷ አቤት ትላለች። ከድንኳኑ የምትወጣው ከዚያ በኋላ ነው። ዓለምዘውድም እንደዚያ ነው የወጣችው፣ እናቷም እንደዚያ ነው የወጡት። ምርቃቱስ ይሁን፣ ግሱ አለ። ስሟን ግን ከየት ያምጣው?

ጠዋት ጠዋት ሰው ሳይሰማው ጓሮ፣ እንሰቱ መሐል እየገባ ይለማመድ ጀመር። «ማ» ይላል፤ እስከዚያ ደኅና ነው። ከዚያ አፉ የራሱን መንገድ ይሄዳል። አንድ ቀን «ማሰሮ» አለ። አንድ ቀን «ማንኪያ» አለ። ስሟን ጽፎ እያየ ሞከረ፤ ዓይኑ ማርታ ይላል፣ አፉ ማሰሮ ይላል። ዓለምዘውድ ደርሳበት፣ በል ተከተለኝ እያለች ብታስጠናውም ያው ነው። የዓለምዘውድ ወንድም ወልደአማኑኤል፣ ደግ ሰው ነው፣ ልጄ ብለህ እለፋት እንጂ ስሟን ማን አስገደደህ ብሎ መከረው። ያረጋል ሞከረ። «ወንበር» የሚል ወጣ። ወልደአማኑኤል ሊስቅ ጀምሮ ፊቱን ሲያይ ዋጠው።

ሦስት መቶ ሰው ፊት ልጁን ማሰሮ ብሎ ሲጠራት ታየው። ቪዲዮ ይቀረጻል፤ ልጆቿ አድገው ያዩታል። እሱ መሳቂያ መሆኑ ግድ የለውም፣ ስንት ዓመት ሰባተኛ ክፍል ፊት የቆመ ሰው ለሳቅ አይደነግጥም። የሷ ቀን እንዳይበላሽ ነው የፈራው። በሕይወቱ አንድም የሰው ስም ዳግመኛ አላበላሽም ብሎ የማለ ሰው፣ የገዛ ልጁን ስም ሊያበላሽ ነው። ይህ ሲታሰበው እንሰቱ መሐል ቆሞ ያለቅሳል።

ሠርጉ ሁለት ቀን ሲቀረው ተሸነፈ። ወልደአማኑኤል ድንኳን ሲያስተክል በግቢው ነበር። ያረጋል ሄዶ እጁን ያዘውና «መርቃት» አለው። ወልደአማኑኤል ገባው፤ ጥቂት አቅማምቶ ራሱን ነቀነቀ። ንግግር ይወዳል፣ ድምፁም ያማረ ነው፤ ያንለት ግን ምንም ደስ አላለው። ማርቲ በር ላይ ቆማ ይህን አየች። ወደ ውስጥ ገባች።

ጥር ሃያ ደረሰ። ድንኳኑ ግቢውን አልፎ መንገዱን ዘግቷል። ክትፎው ይከተፋል፤ በወዲያ በኩል ለሙስሊም እንግዶች ሰፍያ የምትባል ጎረቤት የራሷን ድስት ጥዳለች፣ ሰውም ከዚህም ከዚያም እየተጠራራ ይበላል። የቡኢ ዘመዶች በሁለት ሚኒባስ ነው የመጡት። ከሁሉም የበዛው ግን የያረጋል ተማሪ ነው። ማንም አልጠራቸውም። የቲቸር ልጅ ስታገባ ብለው ከየሱቁና ከየመሥሪያ ቤቱ መጡ፤ አንዳንዱ ፀጉሩ ሸብቷል። አሚኔ ከሴቶቹ ጋር መጋረጃ በተጋረደው በኩል ተቀምጣለች። ያረጋል ሱፉን ለብሶ ከፊት፣ ዓለምዘውድ አጠገቡ፣ ወልደአማኑኤል በግራው። ዓለምዘውድ የባሏን ቀኝ እጅ ይዛለች።

ቀትር ሊሆን ሲል የወልቂጤ ሚዜዎች ሰዓት ማየት ጀመሩ። ወልደአማኑኤል ጉሮሮውን ጠራርጎ ተነሣ። ሙሽሮቹ መጡ። ማርቲ ግን ወደ አጎቷ አልሄደችም፤ ቀጥ ብላ መጥታ አባቷ ጉልበት ላይ ተደፋች። ነብዩም ተከትሏት ተንበረከከ።

«አጎቴ ይቀመጥልኝ» አለች ሳትነሣ። «አባዬ ነው የሚመርቀኝ።»

ወልደአማኑኤል እንደ ወንድሙ የሚወደውን ሰውዬ አየና ቀስ ብሎ ተቀመጠ። ያረጋል ግንባሩን አላበው። ልጁ ትቀልዳለች እንዴ! እያወቀች፣ ጓሮ ገብቶ ማሰሮ እንደሚል ከእናቷ ሰምታ! ዓለምዘውድን ዞሮ አያት፤ እሷ ግን ወደ ፊት ነው የምታየው። ይዛው የነበረውን ቀኝ እጁን ለቀቀችው።

«ይሙላ» አለ ያረጋል። ሰው ጠበቀ። ምኑ ይሙላ? «ይሙላ» አለ ደግሞ። ሌላ አልመጣም። ከዚያ ጣቱ፣ ማንም ሳያዛት፣ ወደ ላይ ተነሣች። የቡኢ ሽማግሌዎች ድንኳኑ የተቀደደ መስሏቸው ቀና ብለው ጣራውን አዩ። ጣቷ ቆማ ቀረች።

«ቤታችሁ» የሚል ድምፅ ከመጋረጃው በኩል መጣ። አሚኔ ናት። ተነሥታ ቆማለች።

«ይሙላ» አለ ያረጋል። ጣቱ ወረደች።

«አሜን» አለ ድንኳኑ።

ተማሪዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ያረጋል «ይባረክ» አለና ጣቱን አነሣ፤ አሁን ሃያ ሠላሳ ሰው ነው ከየቦታው «ዘራችሁ!» ያለው። እሱ አሰረው፣ አሜን ተባለ። «ይሰውራችሁ» ሲል «ከክፉ!» አሉ። «ይስፋ» ሲል ግን ተለያዩ፤ ገሚሱ ደጃችሁ አለ፣ ገሚሱ እርሻችሁ አለ፣ ወልደአማኑኤል ድምፁን ከፍ አድርጎ «በረታችሁ!» አለ። ሙሽሮቹ ወልቂጤ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ቤት መከራየታቸውን የሚያውቅ ሁሉ ሳቀ፣ ያረጋልም ሳቀ፣ ግን ሁሉንም ተቀብሎ «ይስፋ» ብሎ አሰረው። በሱ ክፍል ቁጭ ብለው የማያውቁት የቡኢና የወልቂጤ እንግዶች ሳይቀሩ ገባቸውና መሙላት ጀመሩ። ሒሳቡን ጥሎ የመጣው ግሩም ቆሞ ዓይኑን ያብሳል። እንዲህ ያለ ምርቃት ቡታጅራ ውስጥ ተደርጎ አያውቅም፤ እኔ እስከማውቀው ድረስ።

ምርቃቱ አለቀ። የቀረው ስሟ ነው።

ያረጋል «አንቺ» አለ። ተውላጠ ስሟ ወጣችለት። ከንፈሩ ገጠመ፣ «ማ» ለማለት ተዘጋጀ፤ ማሰሮዋ ጥርሱ ሥር ደርሳ ተሰማችው። አፉን ዘጋ። ጣቱ ተነሣች፣ ከዚያ ቀስ ብላ ዞረችና ማርቲ ላይ ቆመች።

ማንም አልተነፈሰም። ሁሉም ስሟን ያውቀዋል፤ ድንኳኑ መግቢያ ላይ በአበባ ተጽፏል። አንድ የወልቂጤ ሚዜ ብቻ፣ ሊረዳ ብሎ ነው ምስኪን፣ «ማር» ብሎ ሲጀምር አጠገቡ የነበረ ፀጉሩ የሸበተ የያረጋል ተማሪ አፉን በእጁ ከደነለት። ዓለምዘውድ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋለች።

ማርቲ ከተንበረከከችበት ተነሣች። ቬሎዋን አስተካከለች። እጆቿን በግራና በቀኝ ጎኗ ጣለች፤ ልክ በሰባተኛ ክፍል እንደሚቆመው ቆመች።

«ማርታ ያረጋል ይርዳው» አለች።

ያረጋል ራሱን ነቀነቀ። ትክክል ነው። ከዚህ በኋላ እሱ የሚለው አንድ ቃል እንደሆነ፣ እሱም «ተቀመጪ» እንደሆነ፣ ድንኳኑ ውስጥ ያለ ተማሪ ሁሉ ያውቃል። ቃሏም መጣችለት፤ ግስ ናት፣ አትጠፋውም። አፉን ከፈተና ልጁን ከእግሯ እስከ ራሷ አያት። መልሶ ዘጋው። እንባው ወርዶ አገጩ ላይ ደረሰ፤ አልጠረገውም።

«ሂጂ» አላት።

ድንኳኑ አሜን አለ። ማርቲ ሄደች።